አንድ ዓመት ከአንድ ወር፤ ከአርባ ምንጭ ሜዳ

አንባቢ ሆይ፤ የአዲስ አበባ ብርድ ወይም የመሥሪያ ቤት ወረቀት ያሰለቸዎ እንደ ሆነ ጥቂት ቀን ፈቃድ ይጠይቁና ወደ አርባ ምንጭ ይውረዱ። መንገዱ በሻሸመኔ በኩል ቢመጡ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሆሳዕና ቢመጡ ግን ያጥራል። ወላይታ ሶዶን ካለፉ በኋላ ደጋው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሙቀቱም በመስኮት ገብቶ ኮትዎን ያስወልቅዎታል። በስተ ግራዎ የአባያ ሐይቅ፥ በስተ ቀኝዎ የጋሞ ተራሮች አብረውዎት ይጓዛሉ። ሙዝና ማንጎ የሚሸጡ ልጆች አውቶቡሱን ከበው ሲጮኹ ባዩ ጊዜ መድረስዎን ይወቁት።

ከተማዋ ሁለት ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከላይ በአፋፉ ላይ ሴቻ፥ ከታች በሜዳው ላይ ሲቀላ አለች። ቀድሞ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በደጋው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረ። ዛሬ አርባ ምንጭ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከሴቻ አፋፍ ቁልቁል ሲመለከቱ አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተው ይታያሉ፤ አባያ በደለል ቀልቶ፥ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ። በመካከላቸው ያለውን የመሬት ወገብ የአገሩ ሰው «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። ከዚያ ማዶ የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከአፋፉ ግርጌ በጥቅጥቁ ደን ውስጥ ለከተማዋ ስሟን የሰጧት ምንጮች ይፈልቃሉ። አርባ ናቸው ይባላል፤ ቆጥሮ ያረጋገጠ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን ሁሉ ማንኛውም መንገድ መሪ ያሳይዎታልና እኔ በዚህ አላደክምዎትም። እኔ ልወስድዎ የምሻው ከሲቀላ ገበያ ብዙም ወደማይርቅ፥ ሣር ወደሌለው አንድ ሜዳ ነው። በዚህች ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ ከማስተምረው ትምህርት ሌላ የስፖርት ክበቡን እንድጠብቅ ስለ ታዘዝሁ፥ ይህን ሜዳ ከመማሪያ ክፍሌ ይልቅ አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ፀሐይ ወደ ጋሞ ተራሮች ስታዘነብል ልጆቹ ይመጣሉ። ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው። ከፊሎቹ በባዶ እግራቸው፥ ከፊሎቹ በላስቲክ ጫማ ይጫወታሉ። አንድ ጥንድ ታኬታ ለሁለት ተካፍለው፥ አንዱ ቀኙን፥ አንዱ ግራውን ያጠለቁም አይቻለሁ። አቧራው ይነሣል፤ ከአጠገቡ ካለው ዓሣ ቤት የሚመጣው የጥብስ ሽታ ከአቧራው ጋር ይቀላቀላል። ቡድን ሲከፋፈሉ ጠብ የሚነሣው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ ተከላካይ ለመሆን የሚፈቅድ አይገኝም፤ ሁሉም አጥቂ ነው። የከተማዋ ክለብ አርባ ምንጭ ከተማ ወደ ፕሬሚየር ሊግ ወጥቶ ወርዶ፥ ደግሞ ወጥቶ ያየ ክለብ ነው። በሐይቆቹ አውሬ ስም «አዞዎቹ» ይባላል። እነዚህም ልጆች ራሳቸውን የአዞ ግልገል አድርገው ይቈጥራሉ።

ሁሉም አጥቂ መሆን ቢወድም፥ ከተማዋ ከምትኮራባቸው ስሞች አንዱ የተከላካይ ነው። በሜዳው ዳር ከሚቀመጡት ሰዎች አንዱን «ከዚህ ከተማ ማን ወጣ?» ብለው ይጠይቁ፤ ደጉ ደበበን ይጠሩልዎታል። የአርባ ምንጭ ተወላጅ ሲሆን የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበረ። ኢትዮጵያ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰች ጊዜም የብሔራዊ ቡድኑ አምበል እርሱ ነበረ። የዛሬውን ጽሑፌን ያነሣሣኝም የዚያ ቡድን ነገር ነው፤ ወደ ፊት ማጥቃትን የሚወድ፥ ዕድሜው ግን አጭር የሆነ ቡድን።

እኔ በዚያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ቡድናችን በኦምዱርማን በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የመልሱ ጨዋታ ሲደረግ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ቡና ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። እኛ ልጆቹ በትልልቆቹ እግር መካከል ሾልከን ገባን። መጀመሪያ አዳነ ግርማ፥ ቀጥሎ ሳላዲን ሰይድ አገቡ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ በሰው አገር ባገባናቸው ግቦች ብልጫ አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ! አንድ ጎረቤታችን፥ ሽበታም ሰው፥ ወንበር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁ። ትልቅ ሰው በደስታ ሲያለቅስ ያየሁት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበር። ቡድኑ ኳስን በአጭር እየተቀባበለ በመሬት የሚያስኬድ፥ ወደ ኋላ ማፈግፈግ የማያውቅ ነበር። አዳነ የሐዋሳ፥ ጌታነህ ከበደ የዲላ፥ ደጉ የአርባ ምንጭ ልጆች ስለ ነበሩ በደቡብ ያለን ልጆች ሁላችን ቡድኑን የራሳችን ሰፈር ቡድን አድርገን ነበር።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በምቦምቤላ ከተማ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠምን። ዛምቢያ ያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ቀኑን ልብ ይበሉ፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እነ ሉቻኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡበት ዕለት ነው። ልክ በ51 ዓመቱ መሆኑ ነው። በምቦምቤላ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከዕረፍት በፊትም ዛምቢያ አገባች። በዐሥር ሰው የቀረ ቡድን ለመከላከል ይሰበሰባል ብለን ስንጠብቅ፥ የእኛዎቹ አጠቁ። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ፤ 1 ለ 1 ተለያየን።

በውድድሩ ያገባነው እርሱን ብቻ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ ከዚያም ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉን፤ ወደ አገራችን ተመለስን። ነገር ግን ያ ቡድን ሌላ ተስፋ ነበረው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በብራዚል ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ በማጣሪያው ምድቡን ይመራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 ረታ። ነጥባችን 13 ሆነ፤ ምድቡን አለቀልን ብለን በየመንገዱ ጨፈርን።

ጭፈራው ሳያልቅ ሌላ ወሬ መጣ። ምንያህል ተሾመ የተባለው አማካይ በሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች፥ አንዱን ከደቡብ አፍሪካ፥ አንዱን ከቦትስዋና ጋር ሲጫወት፥ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ነበር። በደንቡ መሠረት አንድ ጨዋታ ማረፍ ሲገባው፥ ሰኔ 1 ቀን ተሰልፎ ተጫወተ። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። በሜዳ የተገኘው ድል በወረቀት ተሰረዘ፤ 13 የነበረው ነጥብ 10 ሆነ።

ቡድኑ በዚህ አልተሰበረም። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. በብራዛቪል መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን እንደ ገና በላቡ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ደጃፍ ናይጄሪያ ነበረች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞ ቢያገባም 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 ተደገምን። ከሱዳን ድል እስከ ካላባር ቢቈጠር አንድ ዓመት ከአንድ ወር ነው። ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2014 ዓ.ም. በካሜሩን ነው፤ ያን ጊዜ ከአሮጌዎቹ አንዱ ጌታነህ ቡርኪና ፋሶ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። አብዛኞቹ ጓደኞቹ ግን በቴሌቪዥን የሚመለከቱ ሆነው ነበር።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይምሰልዎ። በባንግላዴሽ አገር ሕዝቡ እንደ እኛ እግር ኳስ የሚያብድለት ክሪኬት ነው፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፥ ሌላው በእንጨት ይመታል። አፍታብ አሕመድ የሚባል የቺታጎንግ ልጅ፥ ኳስን መከላከል የሚሰለቸው፥ ማጥቃት ብቻ የሚወድ መቺ ነበር። ሰኔ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. በዌልስ በካርዲፍ ከተማ ባንግላዴሽ ከዓለም ሻምፒዮኗ ከአውስትራሊያ ጋር ስትጫወት በመጨረሻው ዙር 7 ነጥብ ቀራት። የ19 ዓመቱ አፍታብ የዙሩን የመጀመሪያ ኳስ ከሜዳው አሻግሮ ስድስት ነጥብ አገኘ፤ ወዲያውም አሸነፉ። በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ግን ያልተፈቀደ የህንድ ሊግ ገባ ተብሎ ከጓደኞቹ ጋር 10 ዓመት ታገደ። እገዳው ተነሥቶለት ቢመለስም በ2002 ዓ.ም. ለአገሩ መጫወቱ አበቃ፤ ገና 24 ዓመቱ ነበር። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን እኔ አልፈርድም። የማየው ይህን ብቻ ነው፤ የኳስ ሰው ዕድሜ ከሌላው ሰው የሥራ ዕድሜ ያጠረ ነው፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ገሚሱ የሚያልቀው በሜዳ ሳይሆን በቢሮ ነው።

ይህን ሁሉ በልጅነቴ ሰምቼ፥ «መቼም አንድ ሰው ቢጫ ካርድ መቍጠር እንዴት ያቅተዋል!» እያልሁ ከሰው ጋር ስፈርድ ኖርሁ። ፍርዴ ወደ ራሴ የተመለሰው መምህር ከሆንሁ በኋላ ነው።

በክበቤ አንድ የዶርዜ ልጅ ነበረኝ። ከደጋው ወርዶ በሲቀላ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር ነው። ኳስ ሲይዝ ወደ ጎን ማቀበል አያውቅም፤ ፊት ለፊት ይሄዳል። ሦስት ተከላካይ ባለበት ይገባና በአራተኛው ይወጣል። ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ምርጫ ሲደረግ እርሱን ያየ ሁሉ «ይህስ ተመርጧል» አለ። የቀረው የዕድሜውንና የክፍሉን ደረጃ የሚገልጽ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ብቻ ነበር። ደብዳቤውን የማስፈረሙና የማድረሱ ሥራ የእኔ ነበር። አስፈረምሁት፤ ማኅተም አስመታሁት፤ ከዚያም በመሳቢያዬ ውስጥ አኖርሁት። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። እኔ ሰኞ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ ስሄድ ጸሐፊው መዝገቡን አሳየኝ። ተዘግቷል። ለመንሁት፤ የሌሎች ልጆች ወረቀት በጊዜው እንደ ደረሰና እርሱም ደንብ መጣስ እንደማይችል በትሕትና ነገረኝ። እውነቱን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ 17 ዓመቱን አለፈ። ለልጁ ስነግረው አልተቈጣም፤ «እሺ፥ ቲቸር» ብቻ አለ። ቢቈጣ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ቤተ ሰቡ ሲሄድ አብሬው ወጣሁ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን መንገድ ደስ በሚል ምክንያት እንዲሄዱት እመኝልዎታለሁ። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን መኪናው በጠመዝማዛው ሲወጣ ቆላው ከእግርዎ በታች ይቀርና ሁለቱ ሐይቆች እንደ ሁለት ሳሕን እየጠበቡ ይሄዳሉ። ሙዙ ያልቃል፤ እንሰቱና ቀርከሃው ይጀምራል። ከላይ ሲደርሱ ብርድ ነው፤ ጉምም ይወርዳል። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ የተጠለፈና በእንሰት ቅጠል የተከደነ፥ ከፊቱ ሲታይ የዝሆን ግንባር የሚመስል ረጅም ቤት ነው። ታቹን ምስጥ ሲበላው ከሥር እየተቈረጠ ያጥራል እንጂ አይጣልም።

የልጁ አባት ሸማኔ ናቸው። ስንደርስ በጕድጓዱ ጫፍ ተቀምጠው ጋቢ ይሠሩ ነበር። ቆጮና ዳጣ፥ ከአጠገቡም ማር ቀረበልን። በላሁ፤ ግን አልወረደልኝም። የመጣሁበትን ነገር ከነጥፋቴ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። ቀጥለውም፥

«መምህር፥ ልጄ ኳስ ቢጫወትም ባይጫወትም ልጄ ነው» አሉኝ። መወርወሪያውን እንደ ያዙ ወደ ድሩ ጐንበስ ብለው፥ «እኔ አንድ ክር ስስት እዚያው አቁሜ እመልሰዋለሁ። ሳላየው ካለፍሁ ግን ጋቢው እስኪያልቅ ይከተለኛል። አንተ አይተኸዋል፤ እንግዲህ ለሌላው ልጅ አትሳት» አሉ።

ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ሥራቸውን ቀጠሉ።

በማግሥቱ ቁልቁል ስንመለስ ልጁ ከጎኔ ተቀምጦ ሐይቆቹን ይመለከት ነበር። ድንገት፥ «ቲቸር፥ ያ ምንያህል የሚባለው ተጫዋች፥ ቢጫው ሁለት መሆኑን እንዴት ራሱ አልቈጠረም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሰው ሲሮጥ የሚቈጥርለት ሌላ አለ ብሎ ያምን ይሆናል» አልሁት።

ሁለታችንም እስከ ሲቀላ ድረስ አልተነጋገርንም። እርሱም አምኖኝ ነበርና።

ዛሬ ልጁ 12ኛ ክፍልን ጨርሷል። ማታ ማታ በዚያው ሜዳ ከሰፈሩ ቡድን ጋር ይጫወታል፤ አሁንም ወደ ጎን ማቀበል አይወድም። ትልቅ ተጫዋች ይሆን ነበር ብዬ አልምልም፤ ከመቶ ልጅ አንዱም እዚያ አይደርስም። ነገር ግን ይሆን እንደ ነበረና እንዳልነበረ የማየት ዕድሉን የወሰድሁበት እኔ ነኝ፤ ያን ዕድል ሜዳው እንጂ መሳቢያዬ ሊወስድበት አይገባም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር አለኝ። የክበቡ ልጆች ስም፥ የልደት ቀን፥ ያዩት ቢጫ ካርድ፥ የሚያስፈልጋቸው ደብዳቤና የመጨረሻው ቀን በውስጡ ይጻፋል። ደብተሩን የሚይዘው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ያ የዶርዜ ልጅ በየዓርቡ እየመጣ ያነበዋል። የተረሳ ነገር ሲያገኝ በቀይ ያሰምርበታል። ቀዩን እስክርቢቶ የገዛሁለት እኔ ነኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት እርስዎ ተማሪ ነዎት፤ እንግዲያው የራስዎን ካርድ ራስዎ ይቍጠሩ፤ ሌላ ሰው ይቈጥርልኛል ብለው አይሩጡ። ምናልባትም በአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት የሚቀበሉና መዝገብ የሚይዙ ጸሐፊ ነዎት፤ ሥራዎ አነስተኛ መስሎ የሚያሳፍርዎ ቀንም ይኖራል። ያን ጊዜ እባክዎ መሳቢያዎን ይክፈቱና ይመልከቱ። ከወረቀቶቹ በአንዱ ውስጥ ዕድሜው አጭር የሆነ፥ አንድ ዓመት ከአንድ ወር ብቻ የተሰጠው ሰው ተኝቶ ይሆናል።

ወደ አርባ ምንጭ ሲመጡም ከሐይቆቹና ከአዞዎቹ በኋላ በ10 ሰዓት ወደ ሜዳው ብቅ ይበሉ። ተከላካይ የሚሆን ሰው ሁልጊዜ ይጐድላል፤ ያጫውቱዎታል።